መብራት ሄደ ማለት ተቆረጠ ማለት አይደለም

ወገኖቼ፣ በተለይ ደብረ ብርሃንና ዙሪያዋ በፋብሪካ፣ በዱቄት ቤት፣ በብየዳና በእንጨት ቤት የምትሰሩ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ከኮረንቲ ጋር ያለን ድፍረት ልክ አጥቷል።

ከተማችን ድሮ የምትታወቀው በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ ነበር። አሁን ኢንዱስትሪ ፓርክ አላት፣ ቢራ ፋብሪካ አላት፣ ሌላም ሌላም። ትናንት እርፍ የያዘ ልጅ ዛሬ 380 ቮልት የሚገባበት ቦርድ ፊት ቆሟል። ደስ ይላል። ግን የሚዋጋ በሬ ቢያንስ ቀንዱን ያሳይሃል። ኮረንቲ ምንም አያሳይህም።

አንድ ዱቄት ፋብሪካ ስሰራ ያየሁትን ልንገራችሁ። ከሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ጓደኛዬ «በዚሁ ላስተካክለው» ብሎ የቦርዱን በር ከፍቶ የላላ ገመድ በካቻቢቴ ማጥበቅ ጀመረ። ዋናውን ብሬከር አላወረደም። መብራት የለም፣ ምን ያወርዳል! ውጪ ያለው ሰው ደግሞ ውስጥ ማን ምን እንደነካ ሳይጠይቅ ጀኔሬተሩን አስነስቶ መስመሩን ሰጠ። ልጁ ተፈናጥሮ ጆንያው ላይ ወደቀ፣ የካቻቢቴው ጫፍ እንደ ሰም ቀልጧል፣ አውራ ጣቱ ላይ ግን ምስር የምታህል ነጭ ነጥብ ብቻ ነበረች። አንዱ «ወተት አጠጡት» ይላል፣ ሌላው «ውሃ አፍስሱበት»። እሱ ራሱ «ደህና ነኝ» አለን፣ እኛም አመንነው። ማታ ክንዱ አበጠ። በኋላ ሁለት ጣቶቹ ተቆረጡ።

ኮረንቲ ከላይ ትንሽ ይበሳና ውስጥ ውስጡን ነው የሚያቃጥለው። የልብ ምትንም ሊያዛባ ይችላል። ስለዚህ ኮረንቲ የያዘው ሰው በእግሩ ቆሞ ቢሄድም ሐኪም ይየው። እኛ ያን ቀን ወዲያው ብንወስደው ኖሮ እያልኩ እስከ ዛሬ አስባለሁ።

«ብሬከር አለ፣ ይቆርጠዋል» የምትሉም አላችሁ። ተሳስታችኋል። በሰውነትህ የሚሄደው ኮረንቲ ከ10 ሚሊ አምፔር ትንሽ ካለፈ ጡንቻህ ይኮማተርና የጨበጥከውን መልቀቅ ያቅትሃል። ከ50 ጀምሮ ልብ ሊዛባ ይችላል። ባለ 16 አምፔር ብሬከር ማለት ግን 16,000 ሚሊ አምፔር ነው። የተሰራው ገመዱ እንዳይነድ እንጂ አንተ እንዳትሞት አይደለም። ሰውን ለማዳን የሚገጠመው ሌላ ነው፣ አርሲዲ (RCD) የሚባለው፣ ኮረንቲ ወደ መሬት ሲፈስ 30 ሚሊ አምፔር ሳይሞላ የሚቆርጠው። በሥራ ቦታችሁ መኖሩን ጠይቁ።

ደግሞ ውሃ አለ። ደብረ ብርሃን በክረምት ወለሉ አይደርቅም፣ ሸዋ ሮቢት ወርዳችሁ ስትሰሩ ደግሞ ላቡ ጓንቱን ያረጥበዋል። እርጥብ ቆዳ ለኮረንቲ በሩን ከፍቶ እንደመስጠት ነው። እናንተ ግን የተላጠ ገመድ በፌስታል ጠቅልላችሁ፣ ወደ መሬት የሚወርደውን የግራውንድ ገመድ ቆርጣችሁ «ይሰራል» ትላላችሁ። አዎ፣ ይሰራል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እኮ እየሰራ እያለ ነው።

አንተ ወንድሜ «ለምጄዋለሁ» የምትለው፣ ኮረንቲው አንተን አልለመደህም። መብራት ኖረም አልኖረም ቦርድ ከመክፈትህ በፊት ዋናውን አውርድና በራስህ ቁልፍ ቆልፍ። መክፈቻው ኪስህ ይግባ። ለጓደኛህ አደራ አትስጥ፣ እሱ ፈረቃ ይወጣል። ካርቶን ቀደህ «ሰው አለ» ብለህ ስምህን ጽፈህ አንጠልጥል። ከዚያም በቴስተር ፈትሽ። ቴስተሩ ራሱ ሞቶ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ ኮረንቲ ያለው ሶኬት ላይ ሞክረው፣ ስትጨርስም መልሰህ እዚያው ሞክረው። ካፓሲተር (ኮረንቲ የሚያጠራቅም ዕቃ) ያለበት ማሽን ከጠፋ በኋላም ኮረንቲ ይዞ ይቆያል፣ አትቸኩልበት።

ሰው ተይዞ ካያችሁ በባዶ እጅ አትንኩት፣ ሁለት ሬሳ እንዳይሆን። መጀመሪያ ዋናውን አውርዱ። ካልተቻለና መስመሩ የቤት ወይም የማሽን ከሆነ በደረቅ እንጨት ገፍታችሁ አላቁት። የከፍተኛ ቮልቴጅ መስመር ከሆነ ግን በእንጨትም አትጠጉ። ከተላቀቀ በኋላ የማይተነፍስ ከሆነ እርዳታ እየተጠራ ደረቱን መሃል ላይ ጠንከርና ፈጠን እያደረጋችሁ ግፉ።

ጋሼ፣ ባለ ፋብሪካው፣ እርስዎንም ነው። «መስመሩ ሳይቆለፍ አልነካም» ያለውን ልጅ ሰነፍ አይበሉት፣ ደሞዙንም አይቁረጡበት። የአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሰራተኛውን ደህንነት የመጠበቅ ግዴታ የጣለው በእርስዎ ላይ ነው። ለሕይወት የሚያሰጋ ነገር መኖሩን አውቀው ካላስተካከሉ ሰራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ ጥሎ መሄድ ይችላል።

ዛሬ ማታ ፈረቃ የምትገቡ፣ ዋናው ብሬከር ቁልፍ የሚገባበት ቀዳዳ እንዳለው እዩልኝ። ከሌለው ሥራ ሳትጀምሩ ለፎርማኑ ንገሩት።