ከሞት አፋፍ የተመለሱት ስለ ሁሉ መዳን ምን ይነግሩናል?

«ሞቼ ተመለስኩ» የሚል ምስክርነት ዩቲዩብ ላይ ሞልቷል። አንዱ ገነትን አይቶ ይመጣል፤ ሌላው ሲኦል ውስጥ ያያቸውን ሰዎች በስም ይጠራል (ይኼኛው ለእኔ ሐሜት እንጂ ስብከት አይደለም)። በምዕራቡ ዓለም ደግሞ ከዚሁ ምስክርነት ተነስተው የሚከራከሩ አሉ፦ አማኙም ኢአማኒውም አንድ ዓይነት ብርሃንና ፍቅር አየሁ ካለ፣ መጨረሻ ላይ የማይድን የለም ይላሉ።

ክርክሩ እንዲሁ የሚናቅ አይደለም። ሆላንዳዊው የልብ ሐኪም ፒም ቫን ሎሜልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2001 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ ልባቸው ቆሞ ከተመለሱ 344 ሕሙማን 62ቱ እንዲህ ያለ ነገር እንደገጠማቸው ተናግረዋል። ሃይማኖታቸውም ሆነ የትምህርት ደረጃቸው ለውጥ አላመጣም። ብርሃኑ የንስሐ አባትህ ማን ነው ብሎ አልጠየቀም።

ግን የቀሩት 282ቱ ምንም አላስታወሱም። እነሱንስ ምን ልንላቸው ነው? በሌሎች ጥናቶች ደግሞ ጨለማና ድንጋጤ ብቻ የገጠማቸው ሰዎች ተመዝግበዋል። ዋናው ነገር ግን ሁሉም መመለሳቸው ነው። ደጃፍ ደርሶ የተመለሰ እንግዳ ስለ እልፍኙ ብዙ ሊያወራ አይችልም።

እኔን የሚይዘኝ የጨለማው ታሪክ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ጥበብ መምህር ሃዋርድ ስቶርም እ.ኤ.አ. በ1985 ፓሪስ ውስጥ አንጀቱ ተበስቶ ሆስፒታል ገባ። ያኔ እግዚአብሔር የለም ባይ ነበር። እሱ እንደሚተርከው፣ «ና» የሚሉትን ድምፆች ተከትሎ ወጣ፤ መንገዱ እየጨለመ ሄደ፤ የጠሩትም ይቧጭሩትና ይነክሱት ጀመር። ልጸልይ ቢል ጸሎቱ ጠፋው፤ የዳዊት መዝሙር ቁራጭ ከአገሩ የሰንደቅ ዓላማ ቃለ መሐላ ጋር ቀላቅሎ አነበነበ። በመጨረሻ ኢየሱስን ጠራ፤ ብርሃንም መጣ። ኋላ ፓስተር ሆኗል። ታሪኩን ለማስፈራሪያ የሚጠቀሙበት ሰዎች ከዚያ ጨለማ ውስጥ የተጠራው መምጣቱን ዘለው ያልፉታል። በእርግጥ ይህ የአንድ ሰው ትረካ ነው፤ ዶግማ አይቆምበትም።

ጥያቄው ለእኛም ባዕድ አይደለም። በገድሏ እንደተጻፈው፣ ክርስቶስ ሠምራ ዲያብሎስን ከፈጣሪው ላስታርቅ ብላ ሲኦል ድረስ ወርዳለች። እሱ እርቁን እምቢ ብሎ ወደ ውስጥ ጎተታት፤ ቅዱስ ሚካኤል ደርሶ አወጣት፤ ብዙ ነፍሳትም አብረዋት ወጡ። ገድሉ ሁሉ ይድናል አይልም፤ እምቢተኛው እምቢ እንዳለ ነው። እሷን ግን ለምን ለመንሽ ያላት የለም።

ከዚህም ርቆ የሄደው ገዳማቶቻችን የሚያነቡት ማር ይስሐቅ ነው። የ7ኛው መቶ ዘመን የነነዌ ጳጳስ ነበር፤ የትውልድ አገሩ በዛሬዋ ኳታር አካባቢ ነው። የሱርስት (የጥንቱ ሶርያ ክርስቲያኖች ቋንቋ) ሊቁ ሰባስቲያን ብሮክ እ.ኤ.አ. በ1983 ኦክስፎርድ በሚገኘው የቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ባገኙት የይስሐቅ ጽሑፎች የሱርስት ቅጂ ላይ፣ የገሃነም ቅጣት ራሱ ወደ ምሕረት የሚያደርስ እንጂ የበቀል ሥራ እንዳልሆነ ያስተምራል። እዚህ ሐሳብ ላይ የደረሰውም ልቡ ቆሞ ብርሃን ስላየ አይደለም፤ ፈጣሪ እንደሚበድሉት እያወቀ የፈጠራቸውን ሊበቀላቸው አልፈጠራቸውም ብሎ ተሟግቶ ነው። የሚሞግተው ካለ ይህን ይሞግት።