በዚህ ጨዋታ «መሪ» ማለት የመጀመሪያው ፊደል ነው

«መንግሥት መሪውን ቢያባርር ዘውዱን ትጭናለች (4)»

ይህን የመስቀለኛ ቃላት ፍንጭ ያነበበ ሰው ቶሎ የሚመጣበት ጥያቄ «የትኛው መንግሥት? ማንን ነው የሚያባርረው?» የሚል ነው። ጥያቄው የዜና ተከታታይ እንጂ የእንቆቅልሽ ፈቺ ጥያቄ አይደለም። እዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የሚባረር ሰው የለም። «መንግሥት» የሚል ባለ አምስት ፊደል ቃል አለ። መሪው፣ ማለትም ከፊት የቆመው «መ»፣ ይነሣል። የሚቀረው «ንግሥት» ነው፤ በቅንፍ እንደተነገረው አራት ፊደል፤ ዘውድ የምትጭነውም እሷ ናት።

ፖለቲካዊ ስላቅ ያለበት ምሥጢራዊ መስቀለኛ ቃላት፣ ብዙዎች ክሮስወርድ የሚሉት፣ በብዛት የሚያሸንፈው ፖለቲካን በቅርብ የሚከታተለውን ሰው ነው። አዘጋጁ የሚያጠምደው በንዴት ነዋ! አንባቢው «ተቃዋሚ»፣ «ምርጫ»፣ «ሙስና» የሚሉ ቃላት ሲያይ ወዲያው ወገን ይይዛል፤ ወገን የያዘ ሰው ደግሞ ፊደል አይቆጥርም። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ዓረፍተ ነገሩን አለማመን ነው።

ከጥቂቶች በቀር ማንኛውም ምሥጢራዊ ፍንጭ ሁለት ክፍል አለው። አንዱ የመልሱ ትርጉም ነው፤ ሌላው መልሱ ከፊደል እንዴት እንደሚገጣጠም የሚናገረው አሠራር ነው። ትርጉሙ ሁልጊዜ ወይ መጀመሪያ ላይ ወይ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል፤ መሐል አይገባም። በአማርኛ ግሥ ዓረፍተ ነገሩን ስለሚዘጋ፣ ትርጉሙን ከመጨረሻው መፈለግ ብዙ ጊዜ ያዋጣል። ከላይ ባለው ፍንጭ «ዘውዱን ትጭናለች» የሚለው ትርጉም ነው፤ ግሡ በአንስታይ ጾታ መምጣቱም መልሱ ሴት መሆኗን ይነግራል። ሐቀኛ አዘጋጅ ጾታና ቁጥር አያምታታም። ትርጉሙ ብዙ ቁጥር ከሆነ የመልሱ መጨረሻ «ች» ሊሆን ይችላል፤ ትርጉሙ እንደ «መሄድ» ያለ ንዑስ አንቀጽ ከሆነ መልሱ በ«መ» ወይም በ«ማ» ይጀምራል። ሥርዓተ ነጥብን ግን ማንም አይመን። ነጠላ ሰረዝና ድርብ ሰረዝ የሚቀመጡት ዓይን እንዲስት ነው፤ በአእምሮ ሰርዞ ማንበብ ይሻላል።

ሰምና ወርቅ ለሚያውቅ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይደለም። ልዩነቱ፣ በተለመደው ምሥጢራዊ ፍንጭ ወርቁ ከተገኘ በኋላ ሰሙ ይጣላል። ስላቅ ባለበት ፍንጭ ግን ሰሙ መቅረት አለበት፤ መልሱ ከተገኘም በኋላ ዓረፍተ ነገሩ እንደገና ሲነበብ መንከስ አለበት። በእኔ ሚዛን ጥሩውን ከመጥፎው የሚለየው ይኸው ነው።

ይህ ዓይነቱ ጨዋታ ያደገው በብሪታንያ ነው። መስቀለኛ ቃላት ራሱ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 21 ቀን 1913 አርተር ዊን በተባለ ሰው አዘጋጅነት በኒውዮርክ ወርልድ ጋዜጣ ላይ ታየ፤ ምሥጢራዊውን መልክ የያዘው ግን ውቅያኖሱን ከተሻገረ በኋላ ነው። የስላቁን በር ወለል አድርጎ የከፈተው በ1961 የተመሠረተው ፕራይቬት አይ የተባለ መጽሔት ሲሆን፣ ከቀደምት የመስቀለኛ ቃላት አዘጋጆቹ አንዱ የሌበር ፓርቲ የምክር ቤት አባል የነበረው ቶም ድራይበርግ ነው። ቲረሲያስ በሚል የብዕር ስም የሚያወጣቸው ፍንጮች ብልግና የበዛባቸው ነበሩ። በ1972 ለፈቺ የሚሰጠውን የሁለት ፓውንድ ሽልማት ያገኙት ግን የአንድ ጳጳስ ባለቤት ናቸው፤ ባለቤታቸውም በኋላ የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ ሆነዋል።

ይሁንና በዚህ መስክ ወደር የሌለው ፍንጭ የጋርዲያን ጋዜጣ የመስቀለኛ ቃላት አዘጋጅ የነበረው ጆን ግርሃም፣ በብዕር ስሙ አራውካሪያ፣ የጻፈው ነው። ሐሳቡ በአማርኛ «በግጥም የሚታወቅ ሥፍራ፣ በሚያስገርም ሁኔታ ንጹሑ ሎርድ አርቸር ተጋድሞበታል» እንደማለት ነው። «ንጹሑ ሎርድ አርቸር ተጋድሞ» የሚለው ሐረግ በእንግሊዝኛው 26 ፊደል አለው፤ «በሚያስገርም ሁኔታ» የተባለው ደግሞ በውዘው የሚል ትእዛዝ ነው። 26ቱ ሲበወዙ በእንግሊዝ ግራንትቼስተር መንደር የሚገኘውን የጥንት ቄስ ቤት ስም ይሰጣሉ። ቤቱ የሩፐርት ብሩክ ግጥም ርዕስ ነው፤ ወግ አጥባቂው ፖለቲከኛ ጄፍሪ አርቸር የሚኖርበትም እሱ ነው። «ንጹሑ» የምትለዋ ቃል ደግሞ ብቻዋን ትነክሳለች፤ አርቸር በ1987 ከአንዲት ሴተኛ አዳሪ ጋር ስሙን ያነሣ ጋዜጣ ከስሶ ረታ፤ በ2001 ደግሞ በዚያው ጉዳይ በሐሰት ምስክርነት ተፈርዶበት ታሰረ። አዘጋጁ አንዲት የስድብ ቃል አልጨመረም። ስድቡን ያወጡት ፊደላቱ ራሳቸው ናቸው።

ፖለቲካ ለዚህ ጨዋታ የሚመቸው ቋንቋው በሙሉ ትእዛዝ ስለሆነ ነው። «ብወዛ»፣ «ተሐድሶ»፣ «ግርግር»፣ «ብጥብጥ» ሲባል ፊደሎቹን አዘባርቅ ማለት ነው። «መፈንቅለ መንግሥት» ገልብጥ ነው። «ጥምር መንግሥት» ሁለት ቃል አገናኝ፣ «ከበባ» ወይም «እስር» አንዱን በሌላው ውስጥ አስገባ፣ «የበጀት ቅነሳ» ከመጨረሻ ቁረጥ። «ድንበሩ» ሲባል የመጀመሪያውና የመጨረሻው ፊደል ነው። «ርዕሰ ብሔር» የ«ብሔር» ራስ ስለሆነ «ብ» ነው፤ «ማዕከላዊ ኮሚቴ» የ«ኮሚቴ» መሐል ስለሆነ «ሚ» ነው። ይህን አንድ ጊዜ የለመደ ሰው ዜና ሲሰማም ፊደል መፈናቀሉ ይታየዋል፤ በሽታ ነው ቢባልም አያስቀይምም።

ሰንጠረዥ ሲጀመር ቀድሞ የሚታደነው ስውር መልስ ነው፤ ምክንያቱም መልሱ ወረቀቱ ላይ ታትሟል።

«ሹሙ ስናየው ውስጡ ጉቦ ነው (3)»

«ውስጡ» ትእዛዝ ነው። ክፍት ቦታውን ረስቶ ሹ-ሙ-ስ-ና-የ-ው ብሎ ለሚያነብ «ሙስና» መሐል ላይ ተቀምጧል። ትርጉሙም ሰሙም ወደ አንድ ቦታ ይጠቁማሉ። ቀጥሎ ብወዛውን መፈለግ ነው፤ እዚህ ላይ ቁጥር ይረዳል፤ መልሱ ሦስት ፊደል ከሆነ የሚበወዘውም በትክክል ሦስት ፊደል መሆን አለበት።

«ከመራ ብጥብጥ ነው፤ ፍዳ (3)»

«ከመራ» ሲበጠበጥ «መከራ» ይሆናል። እዚህ ላይ ማን መራ ብሎ የሚጨነቅ ሰው አሁንም ዜና እያነበበ ነው። ግልበጣውም እንደዚሁ ነው፤ «ብራ ላይ መፈንቅለ መንግሥት ቢካሄድ ችጋር መጣ (2)» የሚለው «ራብ»ን ይሰጣል። ቃል በማገናኘት የሚፈታውን ለመቅመስ ደግሞ «የመንግሥት ገንዘብ እንዴት ሄደ? በአውሮፕላን (3)» የሚለውን ማየት ይበቃል፤ «በ» እና «ጀት» ሲጋጠሙ «በጀት»። ጥያቄ ምልክቱ አዘጋጁ ትንሽ እየቀለደ መሆኑን ማሳያ ነው።

የፊደል አሠራር ምንም የሌለበት፣ ዓረፍተ ነገሩ በሙሉ ጠማማ ትርጉም የሆነ ፍንጭም አለ፤ «ተሰጠ እንጂ አልተሰማም (3)» እንደሚለው። መልሱ «ድምፅ» ነው። ይህ ዓይነቱ ለመጻፍ ቀላል ይመስላል፤ ግን ፈቺው ከአቋራጭ ፊደል፣ ማለትም ሌላ መልስ በሳጥኑ ሲያልፍ ከሚተወው ፊደል፣ በቀር መያዣ ስለሌለው በአንድ ሰንጠረዥ ከሁለት ሦስት በላይ ሲሆን ያሰለቻል።

አሁን ወደ ችግሩ። የእንግሊዝኛን ሕግ እንዳለ ወደ ፊደላችን የሚያመጣ አዘጋጅ ቶሎ ይሰናከላል። በጣም የሚያማልለው ወጥመድ «ሰላም»ን ገልብጦ «ምላስ» ማድረግ ነው። እንደ ስላቅ ከዚህ የተሻለ አይገኝም፤ ሰላሙ ሲገለበጥ የምላስ ነው። ግን ሰ-ላ-ም ሲገለበጥ ም-ላ-ሰ እንጂ ም-ላ-ስ አይሆንም። ግዕዙ «ሰ» ሳድሱን «ስ» አይደለም። ፈቺው «ምላስ» ብሎ ቢጽፍ በአሠራሩ ተሳስቷል፤ አዘጋጁ ያሰበው ያንኑ ከሆነ ደግሞ ፍንጩ ፍትሐዊ አይደለም። አንዳንዶች ተነባቢውን ብቻ እንቁጠር፣ አናባቢው ይቅር ይላሉ። በዚህ አልስማማም። አናባቢው ከቀረ አንድ ቃል ወደ አምስት ስድስት ቃል ይበወዛል፤ ፈቺውም መልሱን ካገኘ በኋላ እንኳ ማግኘቱን እርግጠኛ መሆን አይችልም። ጥሩ ፍንጭ ሲፈታ በር እንደሚቆለፍ ቀጭ ማለት አለበት። ማላላት የግድ ከሆነ ከሰንጠረዡ በላይ በግልጽ ተጽፎ ለሁሉም ፍንጭ እኩል ይሥራ።

ሁለተኛው ችግር የድምፅ ተመሳሳዮቹ ናቸው፤ ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ። አንዱ «ንግሥት» ሌላው «ንግስት» ይላል፤ አቋራጩ ቃል «ሥራ» ከሆነ በአንድ ሳጥን ሁለት ፊደል ይጣላሉ። እዚህ ላይ ግን ላላ ማለት ይሻላል፤ በአቋራጭ ሳጥን ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው እንደ አንድ ይቆጠሩ። በብወዛና በስውር ፍንጭ ግን የታተመው ፊደል ይከበር።

ሦስተኛው መስተዋድድ ነው። «በሰም የታሸገ፣ የላይኛው ምክር ቤት መሪ የገባበት ዕርቅ (3)» የሚለውን እንውሰድ። «ሰም» በሁለት በኩል ያሽጋል፤ «ላ» መሐል ይገባል፤ «ሰላም»። ግን መሪው «የ» ነው ወይስ «ላ»? «የ» አገናኝ ናት፤ ትታለፋለች። «በሰም» ላይ ያለችው «በ»ም እንዲሁ። ታዲያ «በጀት» ላይ «በ» ለምን ተቆጠረች? እዚያ ራሷ የመልሱ አካል ስለሆነች፣ «በአውሮፕላን» የሚለው ሙሉ ሐረግ በተመሳሳዩ ስለተተካ ነው። ፈቺ ከተጣበቀ መጀመሪያ የሚጠረጥራቸው የ፣ በ፣ ለ፣ ከ ይሁኑ።

በምላሹ ፊደላችን ስጦታም አለው። ጠብቆና ላልቶ የሚነበብ ቃል በጽሑፍ አይለይም፤ «ዋና» ሲጠብቅ አለቃ፣ ሲላላ ውኃ ውስጥ ነው። 33 ፊደል በሰባት ቤት 231 ስለሚሆን አንድ አቋራጭ ሳጥን ብቻ ተነባቢንም አናባቢንም ይነግራል፤ 26 ፊደል ያለው የእንግሊዝኛ ፈቺ ይህን አያገኝም። ዕዳው የሚወድቀው በአዘጋጁ ላይ ነው። በብሪታንያ የተለመደውን 15 በ15 ሰንጠረዥ በአማርኛ ለመሙላት የሚነሣ ሰው ግማሽ መንገድ ላይ ማንም የማይናገረው ግሥ መፍጠር ይጀምራል። 9 በ9 ይበቃል።

የስላቅ ፍንጭ የሚበላሸው ግን ከፊደል ይልቅ በአዘጋጁ አቋም ነው። ዚሜኔስ በሚል ስም ይታወቅ የነበረው የመስቀለኛ ቃላት አዘጋጅ ዴሪክ ማክነት በ1966 ያስቀመጠው ሕግ ሲጠቃለል አጭር ነው፤ ትክክለኛ ትርጉም፣ ፍትሐዊ አሠራር፣ ከዚያ ሌላ ምንም። ትርጉሙ የመዝገበ ቃላት እንጂ የፓርቲ መሆን የለበትም። አንድን ፓርቲ «ሌቦች» ብሎ ተርጉሞ ስሙን መልስ የሚያደርግ ሰው ፍንጭ አልጻፈም፤ የሚስማማው ይፈታዋል፣ የማይስማማው አይፈታውም። በሰው ትውልድ ላይ የሚሳለቅም እንዲሁ፤ ሥልጣን የያዘ ሰው በሠራው ነገር ይነከስ። የሰው ስም መልስ ማድረግም አይመከርም፤ ሹመት አጭር ነው፤ ሰንጠረዡ ሳይታተም ሰውየው ይነሣል። ሥልጣኑ፣ ግብሩ፣ በጀቱ፣ ችጋሩ ግን አይነሡም።

ለመለማመጃ አንድ ይቀመጥ። ብወዛ የለውም፣ ግልበጣም የለውም፤ አንዱ ቃል ሁለት ትርጉም አለው፣ ሁለተኛው የቤተ መንግሥት አዳራሽ ያስታውሳል፤ ቃሉም ከዚህ በላይ ባለው አንቀጽ ውስጥ መጨረሻው ላይ ቅጥያ ተጨምሮበት አንድ ጊዜ ተጽፏል፦ «ከፋዩ ይራባል፣ ታዳሚው ይጠግባል (3)»።