ሰውነት መርጦ አያስወጣም

ሰሞኑን አንድ የጤና ፕሮግራም ላይ የቀረበ እንግዳ እንዲህ ሲል ሰማሁት፦ "ሰውነታችን ብልህ ነው። የማያስፈልገውን መድኃኒት ራሱ ያስወጣዋል። አንድ ሁለት ኪኒን ቢጨመር አያስጨንቅም።" አዘጋጇም ራሷን ነቅንቃ ወደ ሌላ ጥያቄ አለፈች። እኔ ግን ማለፍ አቃተኝ።

"የማያስፈልገውን"? ኩላሊት የሚያስፈልገንን መድኃኒት ከማያስፈልገን በምን ይለየዋል? ለሱ ሁሉም ባዕድ ነው። የሚያድነንንም ጠርጎ ያወጣዋል።

በ1941 እ.ኤ.አ. ኦክስፎርድ ውስጥ አልበርት አሌክሳንደር የሚባል ፖሊስ በኢንፌክሽን ሊሞት ተቃርቦ ነበር። ፔኒሲሊን ሲጀመርለት በቀናት ውስጥ ትኩሳቱ ወረደ፤ ምግብም ቀመሰ። ኩላሊቱ ግን መድኃኒቱን በሽንት ቶሎ ቶሎ ያወጣው ነበር። ሐኪሞቹ የነበራቸው ፔኒሲሊን በጣም ጥቂት ስለሆነ ሽንቱን አጠራቅመው ወደ ላቦራቶሪ ይወስዱታል። ከሽንቱ ውስጥ ፔኒሲሊኑን መልሰው አውጥተው ይወጉታል። በመጨረሻ መድኃኒቱ አለቀ። በሽታው አገረሸበት፤ ሰውየውም ሞተ። እንግዳው ይመልስልኝ፦ ያ ሰው ፔኒሲሊን አላስፈለገውም ነበር?

ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ ግን "ያስወጣዋል" የምትለዋ ቃል ናት። ቆሻሻ እንደ መድፋት ቀላል አስመሰላት። እስቲ ሁላችንም ቤት ያለውን ፓራሲታሞል እንይ። የዋጥነው ኪኒን ከትንሹ አንጀት ወደ ደም ይገባና በቀጥታ ጉበት ይደርሳል። ጉበት አብዛኛውን በሽንት ሊወጣ ወደሚችል ነገር ይቀይረዋል። ጥቂቱ ግን በሌላ መንገድ ሄዶ መርዝ ይሆናል። ልብ በሉ፣ መርዙ ኪኒኑ ውስጥ አልነበረም። ጉበት ራሱ ነው የሠራው፤ ያውም መድኃኒቱን ለማስወጣት ሲታገል! ይህን መርዝ የሚያከሽፍ ግሉታታዮን የሚባል ነገር ጉበት ውስጥ አለ። መጠኑ ግን ውስን ነው። ኪኒን በኪኒን ላይ ሲደራረብ እሱ ያልቃል፤ መርዙም የጉበትን ሴሎች መግደል ይጀምራል። የባሰው ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ሰውየው ምንም ላይሰማው መቻሉ ነው። ማርከሻው አሴቲልሲስቲን ደህና አድርጎ የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ 8 ሰዓታት ውስጥ ሲሰጥ ነው። ሕመሙ እስኪሰማ የጠበቀ ሰው እነዚያ ሰዓታት አምልጠውታል።

ለአዋቂ ሰው የቀን ጣሪያው 4 ግራም ነው፤ ባለ 500 ሚሊ ግራሙ 8 ፍሬ ማለት ነው። ጉበቱ ለተጎዳ ሰው ደግሞ ከዚያም ያነሰ ሊሆን ይችላል። ብዙ የጉንፋን መድኃኒቶች ውስጥም ይኸው ፓራሲታሞል አለ። "አንድ ሁለት ቢጨመር" የሚባለው እንግዲህ በዚህ ሁሉ ላይ ነው።

እሺ፣ ጤነኛ ወጣት ከጣሪያው ሳያልፍ አንድ ቢደግም አይሞትም። ታዲያ ፕሮግራሙን የሚያየው ጤነኛ ወጣት ብቻ ነው?

ሰባን ያለፉ አክስት አሉኝ። እንቅልፍ እምቢ ሲላቸው ዲያዜፓም ይወስዱ ነበር። አልሠራ ሲላቸው አንድ ይደግማሉ። ዲያዜፓም ግማሹ ብቻ ከደም እስኪወጣ ከ20 እስከ 50 ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፤ በእርጅና ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ የትናንቱ ሳይወጣ የዛሬው ይጨመርበታል። ጠዋት ጠዋት ምላሳቸው ይተሳሰር ነበር። ሲራመዱ ግድግዳ ይይዛሉ። እኛም "እርጅና ነው" እያልን ዝም አልን። አንድ ሌሊት መታጠቢያ ቤት በር ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። የኪኒኑ ነገር የታወቀው ሐኪሙ "ማታ ማታ ምን ይወስዳሉ?" ብሎ ሲጠይቃቸው ነው።

"በየ8 ሰዓቱ" የሚለው ጽሑፍ ለጌጥ አልተጻፈም። መድኃኒቱ ከሰውነት በምን ያህል ፍጥነት እንደሚወጣ ተለክቶ የተቀመጠ ነው። ስለዚህ ያ እንግዳ በዚያው ፕሮግራም፣ በዚያው ሰዓት ተመልሶ ይቅረብና "ተሳስቻለሁ" ይበል። እሱን አምነው አንድ የደገሙ ሰዎች ዛሬም ማታ ኪኒናቸውን ይወስዳሉ።