አውቶቡሱን ቁም የሚለው ማነው?

ነሐሴ 20 ቀን 2016 ዓ.ም. በፓኪስታኗ ባሎቺስታን፣ ሙሳኸይል በሚባል ወረዳ፣ ታጣቂዎች ሌሊት አውራ ጎዳና ዘግተው አውቶቡስና የጭነት መኪና አስቆሙ። መታወቂያ እያዩ ከሌላዋ የፓኪስታን ግዛት ከፑንጃብ የመጡትን ለይተው አወረዱና ከ20 በላይ ሰው ገደሉ። ኃላፊነቱን የወሰደው ግዛቲቱን ለመገንጠል የሚዋጋው የባሎች ነፃ አውጪ ጦር ነው። ከሟቾቹ ብዙዎቹ እንጀራ ፍለጋ የወጡ ሠራተኞችና ሾፌሮች ነበሩ።

ደሴ ሆኖ ይህን የሚሰማ ሰው የሩቅ አገር ወሬ ነው ብሎ አያልፈውም። ኅዳር 5 ቀን 2013 ዓ.ም. መተከል ውስጥ፣ ድባጤ ወረዳ፣ አውቶቡስ ላይ በተፈጸመ ጥቃት ቢያንስ 34 ሰዎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ተናግሯል።

እኛ ዘንድ ሁሌ የሚነሳው ክርክር ብሔር ከቀበሌ መታወቂያ ላይ ይውጣ የሚለው ነው። ይውጣ። ፋይዳ ላይ አለመኖሩም ደግ ነው። ግን የፓኪስታን መታወቂያም ብሔር አይጽፍም፤ ሰውየው ከየት እንደመጣ አድራሻው ይናገራል። አድራሻ ባይኖር ስም፣ ስም ባይለይ አነጋገር አለ። (የወሎን ሰው በስሙ እለያለሁ የሚል ግን መከራውን ያያል፤ አባት ሰይድ፣ አያት ገብሬ የሆነበት አገር ነው።) ገዳይ መለያ አያጣም።

እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ በፊት ያለው ሰዓት ነው። ከደሴ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ በኮምቦልቻ፣ በከሚሴ፣ በአጣዬና በሸዋሮቢት ያልፋል። አጣዬ በ2013 ዓ.ም. ከተቃጠለች ወዲህ ሾፌር ሁሉ ከመነሳቱ በፊት “መንገዱ እንዴት ነው?” ብሎ ይደውላል። የቀደመው ለተከታዩ ይነግራል። ያለን የማስጠንቀቂያ ሥርዓት ይኸው ነው። ስምሪት የሚሰጠው ሰው የሚያየው ተራና ታሪፍ ነው። ሾፌሩ ጠርጥሮ አልወጣም ቢል ተራው ያልፈዋል፣ የቀን ገቢው ይቀራል። ተሳፋሪው ብሬን መልሱ ካለ ጭቅጭቅ ነው። ስለዚህ ሁሉም “እግዜር ያውቃል” ብሎ ይወጣል።

የጸጥታ መረጃ በቀጥታ ለመናኸሪያው ይድረስ። ስምሪት የማስቆም ሥልጣን ያለው፣ ሳያስቆም ቢቀር የሚጠየቅ አንድ ሰው ይመደብ። የቆመ መኪና ተራው ይጠበቅለት፣ የትኬት ብርም ይመለስ። መንገድ መዝጋት ለታጣቂ እጅ መስጠት ነው የሚሉ አሉ። አውቶቡስን እስኪነጋ ማሳደር ግን መንገድ መዝጋት አይደለም። ይህን ለመጀመር አዲስ አዋጅ አያስፈልግም፤ የዞን ጸጥታ መምሪያና የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ተቀምጠው ቢነጋገሩ ይበቃል።