የአጎቴ ሙንጭርጭር

ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ የሠዓሊያን ንድፍ የሚታይበት ክፍል አለ። ተራው ሰው ቀጠሮ ይዞ ይገባል። እስክሪብቶ ግን ክልክል ነው፤ ማስታወሻ የሚያዘው በእርሳስ ብቻ። ወረቀቱን ቀለም እንዳይነካው ነው ይሄ ሁሉ ስስት።

ምኑን እንደሚሰስቱ ልንገራችሁ። ሚካኤል አንጀሎ ማርያምን ከነልጇ ጫር ጫር ያደረገባት ወረቀት እዚያ ናት፤ ዕድሜዋ 500 ዓመት ገደማ። ግርጌዋ ላይ ለተማሪው «አንቶኒዮ ሣል፣ አንቶኒዮ ሣል፤ ሣል፣ ጊዜ አታጥፋ» ብሎበታል። በቃ፣ ይኸው ነው! ማድሪድም እንደዚያው። ጌርኒካ የተባለውን የፒካሶን ሥዕል ለማየት የሄደ ሰው ንድፎቹ ላይ ተገትሮ ይቀራል። ሰውዬው እ.ኤ.አ. በ1937 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጭረው፣ ከፈረሱ ቁስል ውስጥ ክንፍ ያላት ትንሽዬ ፈረስ ትወጣ ነበር። ኋላ ተዋት። ሲያስብ ቁጭ ብለህ ታየዋለህ።

ወደኛ ስንመጣ፣ አንኮበር በ1925 ዓ.ም. ሠዓሊውን አፈወርቅ ተክሌን ያበቀለ አገር ነው። ስለ አፍሪካ አዳራሹ 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥዕሉ ማውራት ማን ብሎን! መጀመሪያ ምን ጫረ፣ ምኑን ሰረዘ ብሎ የሚጠይቅ ግን ገጥሞኝ አያውቅም። ያደግነው እንዲያ ነዋ። ደብተር ዳር ላይ በሬ የሣለ አርጩሜ ይቀምሳል፤ ከዚያ «በንጹህ ደብተር ገልብጠህ አምጣ!»

እኔን ያንገበገበኝ ግን የአክስቴ ነው። ባሏ፣ ነፍሱን ይማርና፣ እዚያው አንኮበር አካባቢ ቤተ ክርስቲያን ይሥል ነበር። ግድግዳው ጋ ከመድረሱ በፊት በደረሰኝ ጀርባ፣ በሲሚንቶ ከረጢት፣ ባገኘው ሁሉ ላይ በእርሳስ ይሞክራል። አንዷ ዓይኔ ላይ አለች። የጊዮርጊስ ፈረስ የፊት እግሩ ሦስት ቦታ ተሥሏል፤ ከጎኑ «አንገቱ ይጠር። ዘንዶው በዛ» ይላል።

አገር ቤት ስገባ ወረቀቶቹ የታሉ ብዬ ጠየቅሁ። ለካ በሐምሌ ብርድ እሳት ማያያዣ ሆነው አልቀዋል። አንድ ጆንያ ሙሉ! ጮህኩ። ስለ አንቶኒዮም ነገርኳት።

«አንተ ልጅ፣ ምን ነካህ? ሥዕሉ እንደሆን ቤተ ክርስቲያኑ ላይ አለልህ። የተበላሸው ምን ያደርግልሃል?» አለችኝ።

አሁንም በስልክ ነገሩን ካነሳሁባት «እንግዲያ አመዱን ልላክልህ?» ነው መልሷ።