ስለ «ጌመር» ሲከራከሩ የሚዘለለው ግማሽ

«ጌመር»ን ያዩ ሰዎች ሲያወሩ የሰማ፣ ስለ ሁለት የተለያዩ ፊልሞች የሚያወሩ ሊመስለው ይችላል። ለአንዱ ወገን ፊልሙ ጫጫታና ራስ ምታት ነው። ካሜራው አይረጋም፣ ማን በማን ላይ እንደሚተኩስ አይለይም፣ ታሪኩም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ለሌላው ወገን ደግሞ ዘመኑን የቀደመ፣ ዛሬ የምናየውን ጉድ አስቀድሞ የተናገረ ሥራ ነው። ሁለቱም የሚጣሉት ስለ ተኩሱ ነው። እኔ ግን ከፊልሙ አልረሳ ያለኝ ሌላኛው ግማሽ ነው።

ላላያችሁት በአጭሩ። ፊልሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ዳይሬክተሮቹ ማርክ ኔቨልዳይንና ብራያን ቴይለር ናቸው። ኬን ካስል የተባለ ቱጃር የአንጎል ሴሎችን የሚተካ ቴክኖሎጂ ይፈጥራል። ይህ የገባለትን ሰው ሌላው ከሩቅ ሆኖ እንደ ፈለገ ያንቀሳቅሰዋል። «ስሌየርስ» በሚባለው ጨዋታ ሞት የተፈረደባቸው እስረኞች በእውነተኛ ጥይት ይዋጋሉ። 30 ዙር በሕይወት የተረፈ ነፃ ይወጣል። ጄራርድ በትለር የሚጫወተው ኬብል ለዚያ ተቃርቧል። እሱን የሚያዝዘው ሳይመን የሚባል የ17 ዓመት ልጅ ነው፤ ክፍሉ ውስጥ ሆኖ እጁን ያወናጭፋል፣ ኬብል እዚያ ይገድላል።

ካሜራው ያሳምማል የሚሉት አልተሳሳቱም። እኔም አንዳንዱ ቦታ ላይ ዓይኔን ጨፍኛለሁ። ግን ምስሉ የሚቆራረጠው እንዲሁ አይደለም፤ ኔትወርኩ እንደ ከዳው ጌም ነው የሚሆነው። ጌም የሚጫወት ሰው ላግ ምን እንደሆነ ያውቃል። አንተ ታዝዛለህ፣ ስክሪኑ ላይ ያለው ሰውዬ ትንሽ ቆይቶ ይንቀሳቀሳል። በተራ ጌም ቢበዛ ተናደህ እንደገና ትጀምራለህ። እዚህ ግን በልጁ ትዕዛዝና በኬብል እግር መካከል ያለችው ያቺ ቅጽበት ሰው ታስገድላለች። ኬብልም ለዚህ ነው ልጁን ልቀቀኝና በራሴ ልዋጋ የሚለው። የፊልሙ ምርጥ ሐሳብ ይሄ ይመስለኛል። ከፍንዳታው ብዛት የተነሳ ብዙ ተመልካች ሳያስተውለው ያልፋል።

ሌላም አለ። ጦር ሜዳው ውስጥ መሣሪያ ያልያዙ እስረኞች ይዘዋወራሉ። እነሱ ለማድመቂያ የገቡ ናቸው። የተሰጣቸውን እንቅስቃሴ ብቻ ይደጋግማሉ፤ ጥይት ሲመጣ እንኳ ዞር ማለት አይችሉም። አንድ ዙር ከተረፉ ይለቀቃሉ። በጌም ውስጥ መንገድ ላይ ለሚያልፍ ሰውዬ ማን ደንታ አለው? ፊልሙ እዚህ ላይ ቢቆይ ኖሮ! አይቆይም፣ ይሮጣል።

አሁን ወደ ተዘለለው ግማሽ ልምጣ። ካስል ከ«ስሌየርስ» በፊት የሠራው «ሶሳይቲ» የሚባል ጨዋታ አለ። እዚያ ጥይት የለም። ሰዎች ደመወዝ እየተከፈላቸው ሰውነታቸውን ያከራያሉ፤ ከፋዩ ያለብሳቸዋል፣ ያስደንሳቸዋል፣ ከፈለገው ሰው ጋር ያስተኛቸዋል። የኬብል ሚስት አንጂ የምትሠራው እዚያ ነው። እሷ በደማቅ ዊግ ታጅባ ስትሽኮረመም፣ በሌላኛው ጫፍ ላብ ያጠመቀው ሰውዬ ወንበሩ ላይ ተዘፍዝፎ እየበላ ያዝዛታል። ፈገግታዋ የሱ ነው። ፊቷ ብቻ ነው የሷ።

ብዙ ተመልካች ይህን ክፍል አስጠሊታና አላስፈላጊ ይለዋል። አስጠሊታነቱ ላይ እስማማለሁ። ግን እስኪ አስቡት። ሰው በጥይት ሲበጣጠስ ፋንዲሻ እየበላን አየን። የማንንም ደም በማያፈሰው ክፍል ግን ሆዳችን ታወከ። ለምን? በተኩሱ ጊዜ ከሳይመን ጋር አብረን እየተጫወትን ነው። እዚህ ግን ፊልሙ ከሰውዬው ጎን ያስቀምጠናል፤ እዚያ መቀመጥ ደግሞ ማንም አይወድም። በዚያ ላይ እስረኞቹን የሞት ፍርድ ነው ያስገደዳቸው። አንጂን ያስገደዳት ኑሮ ነው። ውል አላት፣ ደመወዝ አላት፣ ሁሉም ነገር ሕጋዊ ነው።

ፊልሙ የሚኮንነውን ነገር ራሱ ይቸበችባል የሚለው ወቀሳ ግን ልክ ነው። ካሜራው ከሰውዬው ባልተናነሰ የሴት ገላ ላይ ያፈጣል። ይህን የሚሉትን ፊልሙ አልገባችሁም ብሎ ማሳፈር አይቻልም።

ትንቢት ነው የሚሉት ደግሞ ማስረጃቸውን የሚያመጡት ከአንጎል ቺፕ ነው። የኢሎን መስክ ኩባንያ ኒውራሊንክ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ሰው አንጎል ውስጥ ቺፕ ሲያስገባ፣ ይኸው ተባለ። እኔ አልመሰለኝም። ቺፑ የገባለት፣ ከትከሻው በታች መንቀሳቀስ የማይችለው ያ ሰው በሐሳቡ ኮምፒውተር አዝዞ ቼዝ ሲጫወት ነው የታየው። አዛዡ እሱ ራሱ ነው፤ የፊልሙ ተቃራኒ። «ሶሳይቲ»ን ማየት የፈለገ ላይቭ ይክፈት። ተመልካች ጊፍት ይልካል፣ ጨፍሪ ይላል፣ ትጨፍራለች። ምንም ቺፕ አላስፈለገም።

ፊልሙን የጠሉት እንኳ ብዙውን ጊዜ ተዋናዩ ማይክል ሲ. ሆል የሚጫወተውን ካስል ይወዱታል። በአሮጌ ዘፈን እየደነሰ ከኋላው ያሉትን ሰዎች አብሮ ሲያስደንሳቸው፣ ፊልሙ ለጥቂት ደቂቃ ሌላ ዓይነት ይሆናል። ከዚያ ወደ ለመድነው መንገድ ይመለሳል። ካስል ይሞታል፣ ቴክኒሻኖቹ ሲስተሙን ያጠፉታል፣ ኬብልና ቤተሰቡ መኪና ውስጥ ገብተው ይሄዳሉ። ብዙዎች መጨረሻው ቀለለብን ይላሉ፣ እኔም ከነሱ ጋር ነኝ። ችግሩ ሁሉ አንድ ክፉ ቱጃር ነበር ማለት ነው? ከፍለው ሲያዩ፣ ከፍለው ሲያዝዙ የነበሩት ሚሊዮኖች ምን ሆኑ? ላብ ያጠመቀው ሰውዬስ? ስለ እነሱ ፊልሙ አንድ ቃል አይተነፍስም።