በኅሊና ጸሎት ላይ የተነሣ ጩኸት

በዚህች በአሜሪካ ዜግነት ወስዳችሁ የምትኖሩ ወገኖቼ ሆይ፤ የዛሬው ወቀሳዬ ለእናንተ ነው።

ሴፕቴምበር 10 ቀን 2020፣ በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 5 ቀን 2012፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነበር። በካንሳስ ሲቲው አሮውሄድ ስታዲየም የአሜሪካ ፉትቦል ውድድር ዘመን ሲከፈት በወረርሽኙ ምክንያት ከመቀመጫው ሩቡ እንኳ አልሞላም። የከተማው ቡድን የቺፍስና የተጋጣሚው የሂዩስተን ቴክሳንስ ተጫዋቾች ወደ ሜዳው መሐል ወጥተው፣ ጥቁሩም ነጩም ክንድ ለክንድ ተያይዘው፣ ለኅሊና ጸሎት ቆሙ። ጆርጅ ፍሎይድ በሚኒያፖሊስ አንገቱ በፖሊስ ጉልበት ተጨቁኖ ከሞተ አራት ወር አልሞላም። ብሔራዊ መዝሙሩ ተዘምሮ አብቅቷል፤ በዚያች ቅጽበት የተንበረከከ የለም፤ ተደፈረ የሚባል ባንዲራም የለም። ከተመልካቹ መካከል ግን «ቡ» የሚል የተቃውሞ ጩኸት ተነሣ።

የፉትቦል ተጫዋቹ ኮሊን ካፐርኒክ በጥቁሮች ላይ የሚፈጸመውን በደል በመቃወም በ2016 መዝሙሩ ሲዘመር ሲንበረከክ «ባንዲራችንን ናቀ» ተባለ፤ በዓመቱ ከቡድኑ ከወጣ በኋላ ያስፈረመው አልተገኘም። እነዚህኞቹ ቆመውም ከተጮኸባቸው፣ ጥፋቱ ቀድሞውንም የጉልበት አልነበረም። እኛ የኅሊና ጸሎት ሲባል ባለጋራ እንኳ ቆቡን የሚያወልቅበት አገር ልጆች ነን፤ ይህን ይቅር ለማለት ሞክሬ አልቻልሁም።

እንቅልፍ የሚነሣኝ ግን የቤቴ ነገር ነው። ለዋዜማው የጠራኋቸው እንግዶች ጨዋታውን በቴሌቪዥን ሲያዩ፣ አንዱ «ሚሊዮን እየተከፈላቸው ምን ጎደለባቸው? ዝም ብለው አይጫወቱም?» አለ፤ ተሳቀ። እኔም የቤቱ ባለቤት፣ በዓል ላለማደፍረስ ብዬ፣ ፈንዲሻውን አዞርኩ። ካንሳስ ሲቲዎቹ ቢያንስ ያሰቡትን ጮኹ።

ለመሆኑ በማን ትከሻ ተረማምደን ነው እዚህ የገባነው? በትውልድ አገር ይደለደል የነበረውን ኮታ ሽሮ ለአፍሪካዊ በሩን ያሰፋው የኢሚግሬሽን ሕግ የወጣው በ1965 ነው፤ ጥቁሮች ስለ ምርጫ መብት በአላባማዋ ሰልማ ከተማ ድልድይ ላይ በፖሊስ ዱላ በተደበደቡበት በዚያው ዓመት። (ዲቪ በዕጣ ስለ ደረሰን መብቱም በዕጣ የተገኘ መሰለን።) ልጃችንን ማታ መንገድ ላይ የሚያስቆመው ፖሊስ አባቱ ከየት እንደመጣ አይጠይቀውም።

የሊጉ ኮሚሽነር ሮጀር ጉዴል ተጫዋቾቹን ቀደም ብለን ባለመስማታችን ተሳስተናል ለማለት፣ ያውም የካፐርኒክን ስም ሳያነሣ፣ አራት ዓመት ያህል ፈጅቶበታል። እኛ ከእርሱ እንደማንፈጥን ዐውቃለሁ። ሆኖም በአንዱ እንቁጣጣሽ ያ ቀልድ ሲደገም ከማዕዱ አንድ ሰው «ተው እንጂ» ይል ይሆናል። ያ ሰው እኔ ብሆን እመኛለሁ፤ እርግጠኛ ግን አይደለሁም።